ከስልኩ ጀርባ ያለው ሰው፦ ሕፃናትን በበይነ መረብ የሚያባብሉ ሰዎች ጥናት ለሰበካ ጉባኤያት ምን ያስተምራል?

በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር ቆላ፣ ከኦሮሞውና ከአማራው ገጠር የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ሆኖም አንድ ጎልማሳ የማያውቃትን ልጅ ከረሜላ ገዝቶላት፣ እጇን ይዞ ከገበያው ሲወጣ ቢታይ «የማን ልጅ ናት?» የሚል ሰው አይጠፋም። በስልክ ውስጥ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የምናቀርበው ይህ ትምህርት ከዚሁ ልዩነት ይነሣል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በአገራችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ በይነ መረብ ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች መካከል 10 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት በበይነ መረብ እንደ ደረሰባቸው ተገልጧል። በባቲና በከሚሴ ደግሞ ብዙ እናቶችና እኅቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ልጁ ከአያቱ ዘንድ ይቀራል፤ የእናቱን ፊት የሚያየው በኢሞ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ስልክ መከልከል እናትን መከልከል ይሆናልና «ለልጅ ስልክ አትስጡ» የሚለው ምክር ብዙም አይጠቅምም።

ዴቪድ ፊንክልሆር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዱት፣ በሕፃን ላይ ወሲባዊ ጥቃት ከመፈጸሙ በፊት አራት ነገሮች ይቀድማሉ። ፍላጎቱ በሰውየው ልብ ያድራል፤ ቀጥሎ የገዛ ኅሊናውን ያሸንፋል፤ ሦስተኛ ልጁን የሚጠብቁትን ሰዎች ያልፋል፤ በመጨረሻም የልጁን እምቢታ ይሰብራል። ምክራችን ሁሉ በአራተኛው ላይ ያተኮረ ነው፤ ልጆችን «ተጠንቀቁ» እንላለን። ይህ በአመዛኙ የአዋቂውን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ነው። ሰበካ ጉባኤ በእርግጥ ሊሠራበት የሚችለው ሦስተኛው ነው።

ለምን እንደሆነ ሬቸል ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ2003 ካወጡት ጥናት እንረዳለን። ተመራማሪዋ በበይነ መረብ የመወያያ ክፍሎች እንደ ሕፃን ሆነው በመግባት የአባባዮችን አካሄድ ተከታትለዋል። ሰውየው በወሲብ አይጀምርም። በመጀመሪያ ወዳጅ ይሆናል፤ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቤተሰብ ያወራል። ከዚያም አደጋውን ይመዝናል፤ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ፣ ሌላ ማን እንደሚጠቀምበት ይጠይቃል። በእኛ አነጋገር «ስልኩ የማን ነው? አያትሽ መልእክት ማንበብ ትችላለች?» እንደ ማለት ነው። መልሱ ካረካው በኋላ «ይህ የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው» ይላል። እንግዲህ ሰውየው የሚያጠናው ልጅቱን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ነው።

በእንግሊዝ፣ በቤልጅየምና በኖርዌይ በዚህ ወንጀል የተፈረደባቸውን 33 ሰዎች አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት አጥፊዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። አንዳንዶቹ ግንኙነቱን ፍቅር ነው ብለው ራሳቸውን ያሳመኑ ናቸው፤ እነዚህ ማንነታቸውን ብዙም አይደብቁም። ሌሎቹ እንደ ሁኔታው ስምና ጠባይ ይለዋውጣሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ያለ ብዙ ወሬ ቶሎ ወደ ወሲብ ይቸኩላሉ። በአሜሪካ የተደረገ ምርመራም አብዛኞቹ አጥፊዎች አዋቂ መሆናቸውን ከልጆቹ እንዳልደበቁ አሳይቷል። ስለዚህ «በሐሰት ስም ከሚመጣ እንግዳ ተጠንቀቁ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። እርግጥ ነው፣ የተጠኑት የተያዙትና የተፈረደባቸው፣ ያውም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከጥናቱ ልንወስድ የሚገባን የአካሄዱን ሥርዓት እንጂ የሰዎቹን መልክ አይደለም።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። የሰንበት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቡድን ካለ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይምሩት፤ አስተማሪ ለአንድ ልጅ ለብቻው በግል አይጻፍ፤ መልእክት ካስፈለገ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጨመርበት። እኛ ዲያቆናትም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለንም፤ እንዲያውም የሚታመን ሰው ይበልጥ ሊገዛበት ይገባል። ባቲ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ የጋራ ከተማ ናትና ከመስጊድ አባቶች ጋር ተመካክሮ አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ይቻላል።

ልጅ ችግሩን ሲናገር የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ይወስናል። «ለምን መለስሽለት?» ካልን አባባዩ «ብትናገሪ አንቺን ነው የሚቆጡት» ያለውን እውነት አደረግንለት። መልእክቱ አይጥፋ፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነውና። ፎቶግራፍ ካለ ግን ለሽማግሌ ለማሳየት እንኳ ለሌላ ሰው አይላክ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨትንም ያለ ፈቃድ መያዝንም ይቀጣል። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በወሲባዊ መልእክት ማባበል በዚያው አንቀጽ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ነገሩን በሽምግልናና በካሣ መጨረስ፣ ይባስ ብሎም ልጅቱን ለሰውየው መዳር፣ አጥፊውን ለሌላ ልጅ ነጻ ማድረግ ነው።

የንስሐ አባቶች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። በበርሊን የሻሪቴ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሳብ ፍላጎት ያላቸውንና ጥፋት መፈጸም የማይሹ ሰዎችን በምስጢር ያክማል፤ ፍላጎትና ድርጊት አንድ አለመሆናቸውን የሚያምን ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ድፍረት አግኝቶ ቢናገር የሚናገረው ለንስሐ አባቱ ሊሆን ይችላል። ካህኑ አያባርረው፤ «ጸልይ» ብቻ ብሎም አይሸኘው። ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲሄድ፣ ከልጆች ጋር ብቻውን ከሚያውለው አገልግሎት ሁሉ በራሱ ፈቃድ እንዲወጣ፣ ስልኩንም ለብቻው በሚሆንበት ሌሊት ከእጁ እንዲያርቅ በቀኖናው ውስጥ ያካትትለት፤ ይህንንም መፈጸሙን በየጊዜው እየጠራ ይጠይቀው።