«የኛ ልጅ» ማን ነው? ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የቅርጫት ኳስ ሊግ የምንማረው

የዛሬው ጽሑፌ በቅርጫት ኳስ ጀምሮ በፓስፖርት ያልቃል። ቅርጫት ኳስ የማትወዱም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ብትዘልቁ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ዕድሜው 18 ያልሞላ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተነሣው በነርሲንግ መለማመጃ ክፍላችን ውስጥ ነው። አብራኝ የምትማር ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለችኝ። አንድ ቀን እርስ በርስ የደም ግፊት እየተለካካን ስለ አንድ ተጫዋች አጫወተችኝ። ልጁ ተወልዶ ያደገው ቴክሳስ ነው፤ እናቱ ፊሊፒናዊት ናቸው፤ ዋንጫ ያነሣው ደግሞ በማሌዥያ ክለብ ነው። «ታዲያ የየት አገር ልጅ ተብሎ ነው የተጫወተው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሄሪቴጅ ተብሎ» አለችኝ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስል። እኔ ግን አላውቀውም ነበር። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትም መጨረሻ ላይ ወደ ራሴ መለሰኝ።

፩. ሊጉ ምንድን ነው?

የአሴያን የቅርጫት ኳስ ሊግ የተጀመረው በ2009 ነው። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ስድስት ክለቦች ከስድስት አገሮች ተሳተፉ፤ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሲንጋፖር፣ ከማሌዥያ፣ ከታይላንድና ከብሩናይ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የፊሊፒንሱ ፓትሪየትስ ነበር። በኋላ ከቬትናም ሳይጎን ሂት ተጨመረ፤ ከዚያም ሊጉ ከአካባቢው ውጭ ላሉ ክለቦችም በሩን ከፈተና በ2017 የሆንግ ኮንጉ ኢስተርን ሻምፒዮን ሆነ። የ2019-20 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ቀረ።

እንዲህ ያለ ውድድር ሲዘጋጅ ገና ከመጀመሪያው አንድ ችግር ይመጣል። በፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ በየመንደሩ ይጫወቱታል፤ እዚያ ጥሩ ተጫዋች ሞልቷል። ሲንጋፖር ግን ትንሽ አገር ናት፤ በማሌዥያና በታይላንድም ከቅርጫት ኳስ ይልቅ እግር ኳስ ይበልጥ ይወደዳል። ሁሉም በራሱ ልጆች ብቻ ይጫወት ከተባለ ዋንጫው ከአንድ አገር አይወጣም። ሁሉም የፈለገውን ያህል አሜሪካዊ ይግዛ ከተባለ ደግሞ የአካባቢው ልጆች ተቀምጠው ተመልካች ይሆናሉ።

፪. ሦስቱ ሣጥኖች

የሊጉ መልስ ተጫዋቾችን በሦስት መመደብ ነበር። አንደኛው የአገሩ ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ከየትም ዓለም የሚመጣ የውጭ ተጫዋች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁመተ ረጅም አሜሪካዊ። ሦስተኛው ጓደኛዬ ያለችው ሄሪቴጅ ነው፤ ማለትም ሌላ አገር ተወልዶ ያደገ፣ ዘሩ ግን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሆነ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሣጥን ስንት ሰው ማስፈረም እንደሚቻል ከዓመት ዓመት ይለዋወጥ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ጓደኛዬ ያጫወተችኝ ተጫዋች ጄሰን ብሪክማን ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ በሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ለግብ ያቀበላቸው ኳሶች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ በአሜሪካ ኮሌጆች ከፍተኛ ዲቪዚዮን ታሪክ እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰ አራተኛው ሰው ነው። ከዚያ ወደ እስያ ሄዶ በ2016 ከማሌዥያ ድራጎንስ ጋር ዋንጫ አነሣ፤ በኋላም ለታይላንዱ ሞኖ ቫምፓየር ተጫወተ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። የብሪክማን እናት ፊሊፒናዊት ናቸው፣ እሱ ግን በማሌዥያም በታይላንድም «ከኛው ወገን» ተብሎ ተቆጥሯል። ሊጉ ልጁን ያየው እንደ አንድ አገር ልጅ ሳይሆን እንደ አካባቢው ልጅ ነው። ሦስተኛው ሣጥን የተፈጠረው ባዳም አገሬውም ላልሆነ ሰው ነው። ይህንን ሳነብ የራሴን ሣጥን ያገኘሁ መሰለኝ።

፫. ብሔራዊ ቡድን ሲሆን ሕጉ ይጠብቃል

ክለብ የራሱን ሕግ ሊያወጣ ይችላል። በብሔራዊ ቡድን ግን የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ሕግ ነው የሚሠራው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አንድ ብሔራዊ ቡድን 16 ዓመት ከሞላው በኋላ የአገሩን ዜግነት ያገኘ ተጫዋች ቢያሰልፍ ከአንድ በላይ አይፈቀድለትም።

ምሳሌው ጆርዳን ክላርክሰን ነው። የኤንቢኤ ተጫዋች ነው፤ ፍሎሪዳ ተወለደ፤ በእናቱ በኩል ፊሊፒናዊ ደም አለው። የፊሊፒንስ ፓስፖርቱን ያወጣው ግን 16 ዓመት ካለፈው በኋላ በመሆኑ ፊባ የቆጠረው እንደ አንድ የውጭ ሰው ነው። ስለዚህ በ2023 ፊሊፒንስ ከጃፓንና ከኢንዶኔዥያ ጋር የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ክላርክሰን የተጫወተው በዚያች በአንዷ ቦታ ነው። ወረቀቱ በልጅነቱ ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ፊሊፒናዊ ይሰለፍ ነበር። ደሙ ያው ደም ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ቀኑ ነው።

ትምህርት አንድ፦ ዘር ጊዜ አያልፍበትም፤ ወረቀት ግን ቀን አለው።

፬. ወደ እኛ ስንመጣ

እኛም የራሳችን ውድድር አለን። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ1984 ሂውስተን ላይ ተጀምሮ እስከ ዛሬ በሐምሌ 4 በዓል ሰሞን ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። በ2017 ወደ እኛ አካባቢ መጥቶ ሬንተን ስታዲየም ሲደረግ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጨዋታው ይልቅ የማስታውሰው የጥብሱን ሽታ፣ የቡናውን ጭስ፣ እማዬም ለሃያ ዓመት ያላየቻትን የሰፈሯን ልጅ አቅፋ ስታለቅስ ነው። በሩ ላይ ቲኬት ጠየቁን፤ የየት አገር ዜጋ እንደሆንን የጠየቀን ግን አልነበረም።

ከዚያ በር ውጭ ግን ጥያቄው አለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ ሰው ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው የፍጻሜ ጨዋታ አንድ ግብ አስቆጥሯል። የአገሪቱ ትልቁ የእግር ኳስ ቀን አባታቸው ከውጭ የመጣ ሁለት ወንድማማቾች አሉበት ማለት ነው።

ዛሬ ነገሩ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይሄዳል። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ የቼክ ተወላጅ ናቸው፤ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ የተሰለፈው ለቼክ ሪፐብሊክ ነው። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በርሊን ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ ወደ አርሰናል ሄደ፤ በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ በ2015 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የአሜሪካን ማልያ ለበሰ። ሁለቱንም በቴሌቪዥን ስናይ «የኛ ልጅ!» ብለን እንጮሃለን። በሕግ ግን የኛ ልጅ ማን ነው?

፭. ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትና በ2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው። አዋጁ ግን ሁለት ዜግነት አይቀበልም። የሌላ አገር ዜግነት ጠይቆ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ይህንን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ወላጆቻችን ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የሆነው ይኸው ነው።

እኔ የማላውቀው ቀጥሎ ያለውን ነበር። በወላጁ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ ውጭ አገር በመወለዱ ደግሞ የዚያን አገር ዜግነት ያገኘ ልጅስ? አዋጁ ለዚህ ልጅ ጊዜ ይሰጠዋል። 18 ዓመት ሞልቶት አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ማሳወቅ ይችላል። ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

እኔ ሲያትል ስወለድ እማዬና አባዬ ገና በግሪን ካርድ ላይ ነበሩ፤ ማለትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ስወለድ እኔም ኢትዮጵያዊ ነበርኩ። አሁን 20 ዓመቴ ነው። ያቺ አንዲት ዓመት የሄደችው የአጥንትና የጡንቻ ስም ስሸመድድ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ማንንም አልጠየቅኩም።

እማዬን «ይሄንን ታውቂ ነበር?» አልኳት። ድስቱን ከእሳት አውርዳ ተቀመጠችና «ኸረ እኔ ልጄ፣ መች አውቄ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ብናውቅስ ምን ታደርግ ነበር ይሆን እያልክ ነው? የአሜሪካውን ልትመልስ ነው?» ብላ ሣቀች።

እውነቷን ነው። ትምህርቴ፣ ሥራዬ፣ ቤተሰቤ ሁሉ እዚህ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነቴን የምተው አይመስለኝም። ግን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በነርሲንግ ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ስለ ታካሚ ፈቃድ ነው። ታካሚው ምን እንደሚደረግለት፣ ባይደረግለት ምን እንደሚመጣ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለው ሳይነገረው የሰጠው ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። የኔ ግን ዝምታዬ ተቆጠረ። በፈቃዴ ተውኩት ተባለ፤ እንደያዝኩት እንኳ ሳላውቅ።

፮. ሦስተኛው ሣጥን በኛ አገር

ለኛም ሄሪቴጅ የሚባል ሣጥን አለ። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ይሰጣል፤ በቀለሙ «ቢጫ ካርድ» የምንለው ነው። በኳስ ሜዳ ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በኛ ግን የመግቢያ ፈቃድ ሆነ። መታወቂያውን ለማግኘት ራስህ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበርክ፣ ወይም ከወላጆችህ፣ ከአያቶችህ፣ ከቅድመ አያቶችህ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ መሆን አለበት፤ የኤርትራን ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ግን አይካተቱም።

የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ቤት ሊኖረው ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ብሔራዊ ቡድንም ቢሆን የሚጠይቀው ዜግነትን ነው። ልክ እንደ ሊጉ ነው፤ ለክለብ ትጫወታለህ፣ የአገሩን ማልያ ለመልበስ ግን ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል።

ትምህርት ሁለት፦ ሦስተኛው ሣጥን ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ሣጥን ጋር አንድ አይደለም። የትኛው ውስጥ እንዳለን ማወቅ አለብን።

፯. የቤት ሥራ

ይህንን ያነበበ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን ለቤተሰቡ ያቅርብ።

አንደኛ፣ እኔ ስወለድ እናቴና አባቴ የየት አገር ዜጎች ነበሩ? ሁለቱም ቀድመው አሜሪካዊ ከሆኑ የዜግነት አዋጁ ጊዜ እናንተን አይመለከትም፤ ቢጫ ካርዱ ግን ይመለከታችኋል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜዬ ስንት ነው? ከ18 በታች፣ በ18 እና በ19 መካከል፣ ወይስ ከዚያ በላይ?

ሦስተኛ፣ የዘር ሐረጌን የሚያሳይ ወረቀት ማን ጋ አለ? የአያት አሮጌ ፓስፖርት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ወረቀት በሻንጣ ሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።

እኔ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። ውሳኔ ላይ ለመድረስ የምትፈልጉ ኤምባሲውን ወይም የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የኔ ድርሻ ጥያቄው መኖሩን መናገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ በመጪው ጥር 18 ይሞላዋል። ለትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ አስቀምጬ ይህንን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ብሪክማን፣ ስለ ክላርክሰን፣ ስለ ጌዲዮን ዘላለም፣ በመጨረሻም ስለ ራሱ። ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ «እንግዲህ ዝም ካልኩ መልስ ሰጠሁ ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ከጥር እስከ ጥር ጊዜ አለህ።»

ምን እንደሚመርጥ አላውቅም። ምናልባት እንደኔ አሜሪካዊነቱን ይዞ ቢጫ ካርድ ያወጣ ይሆናል። ግን እሱ የሚመርጠው አውቆ ነው።