ብረት የለመደ እጅና አሉሚኒየም፦ ላሜራን በቤት መቁረጥና ማጠፍ



ከአንባቢዎቻችን መካከል ብረት የሠራ፣ ወይም አባቱና አያቱ ሲሠሩ እያየ ያደገ ሰው አይጠፋም። በጎንደር አካባቢ፣ ለምሳሌ በወለቃ፣ ቤተ እስራኤል ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ እየቀጠቀጡ ለጎረቤቶቻቸው ይሸጡ ነበር። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» ብሎ ይሰድባቸው ነበር። በእስራኤል ግን የብረታ ብረት ሥራ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ የምስክር ወረቀት ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው። ስለዚህ ይህን ችሎታ የሚደብቅበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ እዚህ ብዙ ሥራ የሚሠራው በአሉሚኒየም ነው። በአሽቀሎን፣ በተለይም ለባሕር ቅርብ በሆነው በባርኔአ ሠፈር፣ የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ብረትም ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ የመስኮት ክፈፍና መዝጊያ በብዛት አሉሚኒየም ነው። በዚህ ትምህርት አንድ የቡና ስኒ ትሪ እየሠራን የአሉሚኒየምን ጠባይ እንማራለን።

1. አሉሚኒየም ከብረት በምን ይለያል?

ዋናው ልዩነት ይህ ነው፦ አሉሚኒየም ሲግል አይቀላም። ባለ እጅ የብረትን ሙቀት በዓይኑ ያውቃል፤ ሲቀላ ይመታዋል፣ ሲጠቁር ወደ ፍሙ ይመልሰዋል። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። እስኪቀልጥ ድረስም በቀን ብርሃን መልኩ አይለወጥም። ቀዝቃዛ የሚመስል ላሜራ እጅን ሊያቃጥል፣ ወይም በድንገት ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ዓይንን ማመን አይገባም። ለዛሬው ሥራ እሳት ጨርሶ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ልዩነት ክብደቱ ነው። አሉሚኒየም ከብረት በሦስት እጥፍ ገደማ ይቀላል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ላሜራ 2.7 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ማግኔትም አይስበውም።

ሦስተኛ፣ አሉሚኒየም በአንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ቢያጥፉት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንዴ በትክክል ለክቶ፣ አንዴ ማጠፍ ነው።

2. ከመጀመርዎ በፊት

ቦታ፦ የሕንፃው መጠለያ (ሚክላት) ወይም የቤቱ የተከለለ ክፍል (ማማድ) የሥራ ቦታ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ሰው በሩጫ የሚገባበት ስለሆነ፣ ወለሉ ላይ ላሜራና መሣሪያ መገኘት የለበትም። በረንዳ ወይም ግቢ ይሻላል። በኪራይ ቤት ከሆኑ አስቀድመው ባለቤቱን፣ በጋራ ግቢ ከሆነም የሕንፃውን ኮሚቴ (ቫአድ ባይት) ይጠይቁ።

ሰዓት፦ በመኖሪያ አካባቢ ከ14:00 እስከ 16:00 እንዲሁም ሌሊት የጸጥታ ሰዓት ነው። የቀኑ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ማለት ነው። ማታ፣ በሰንበትና በበዓል መዶሻ አያንሡ።

አካል፦ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚስል ሲያነሡት ጓንት ያጥልቁ። መሰርሰሪያ ሲያዞሩ ግን ጓንቱን ያውልቁ፤ ጨርቁን ጠምዝዞ እጅን ሊይዝ ይችላል። ሕፃናት ከሥራው ቦታ ይራቁ።

እጅ ከተቆረጠ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ፣ እጁንም ከፍ አድርገው ይያዙ። ደሙ ካልቆመ ወደ 101 (ማጌን ዳቪድ አዶም) ይደውሉ። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተከተቡ የጤና ድርጅትዎን (ኩፓት ሖሊም) ይጠይቁ።

3. ላሜራ መግዛት

ሁሉም አሉሚኒየም አይታጠፍም። 1050 ወይም 5052 የሚል ቁጥር ያለው በቀላሉ ይታጠፋል። 6061-ቲ6 ጠንካራ ስለሆነ ጠበብ ባለ ማጠፊያ ላይ ይሰነጠቃል። ዕብራይስጡ ገና ካልተለመደ፣ ለሻጩ «ፓሕ አሉሚኒየም ለኪፉፍ፣ ኦቪ ሚሊሜተር ኤሐድ» ይበሉ። ትርጉሙ «ለማጠፍ የሚሆን የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር» ነው።

4. መለካትና መቁረጥ

ትሪያችን ከውጭ ሲለካ 400 በ300 ሚሊ ሜትር፣ የጠርዙ ቁመት 30 ሚሊ ሜትር ነው። 400 ላይ ሁለት ጊዜ 30 ብንጨምር 460 ይሆናል። ነገር ግን ላሜራ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ ስለሚሳብ፣ ለእያንዳንዱ እጥፋት 1.75 ሚሊ ሜትር ገደማ እንቀንሳለን። ስለዚህ የሚቆረጠው 456.5 በ356.5 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ ሌላ ከሆነ ይህ ቁጥር ይለወጣል፤ ምንጊዜም በቁርጥራጭ ላይ አስቀድመው ይሞክሩ።

ከየጠርዙ 29 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው የማጠፊያውን መስመር ያስምሩ። መስመሩን በሹል ብረት አይጫሩ፤ የተጫረው ላሜራ በዚያው ይሰነጠቃል። ጠቋሚ እስክሪብቶ ይበቃል። መስመሮቹ በሚገናኙባቸው አራት ቦታዎች 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይብሱ፤ ከዚያ በኋላ አራቱን የማዕዘን ካሬዎች ይቁረጡ። ቀዳዳው ስንጥቅ እንዳይጀምር ይከለክላል።

1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በላሜራ መቀስ ይቆረጣል። መቀሱን እስከ ጫፉ አይዝጉት፤ ጠርዙን ያቆስላል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለብረት የሚሆን ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ ይጠቀሙ፤ ምላጩ ላይ ሻማ ቢቀቡ አሉሚኒየሙ ጥርሱን አይደፍነውም። ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። በሚሽከረከር የብረት መሳያ ድንጋይ ላይ ግን አሉሚኒየም አይሞርዱ፤ ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ ድንጋዩም ሊፈነዳ ይችላል።

5. ማጠፍ

398 በ298 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጠንካራ ጣውላዎች ያዘጋጁ፤ ይህ የትሪው የውስጥ ልክ ነው። ላሜራውን በመካከላቸው አድርገው በማጥበቂያ ያስሩ። ጠርዙን በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይምቱ። የብረት መዶሻ ላሜራውን ያጎደጉደዋል። አንዱን ቦታ በኃይል ከመምታት ይልቅ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ በጥቂት በጥቂቱ ማጠፍ ይሻላል።

አሉሚኒየም ከታጠፈ በኋላ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ከታችኛው ጣውላ ጎን ላይ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይላጉ፤ ጠርዙ ከ90 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ታጥፎ፣ ሲለቀቅ 90 ላይ ይቆማል።

ያለቀው ትሪ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሳሙና አጥበው ስኒ ይደርድሩበት፤ ሊጥ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ግን አያሳድሩበት፤ የሚኮመጥጥ ነገር አሉሚኒየምን ይበላል።

6. ከጨው መጠበቅ

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚሸፍን ስስ ሽፋን ያበጃል፤ እንደ ብረት የማይዝገውም በዚህ ነው። ነገር ግን ከተራ ብረት ወይም ከመዳብ ጋር ተነካክቶ ጨዋማ ውሃ ቢያገኘው ይበሰብሳል። በባርኔአ በረንዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ በማይዝግ ብረት (ኒሮስታ) ብሎንና በፕላስቲክ ወሸር ይታሰር። በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

7. ችሎታውን ሙያ ለማድረግ

ለቤት መሥራት ፈቃድ አይጠይቅም። እየሠሩ መሸጥ ከጀመሩ ግን በገቢ ግብርና በተጨማሪ እሴት ታክስ (ማዓም) ቢሮ መመዝገብ ይገባል። የሥራ ቦታ ለመክፈት ካሰቡ፣ በ1968 በወጣው የንግድ ፈቃድ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ፤ ስልኩ 106 ነው። ስለ ሙያ ሥልጠና የክሊታ ሠራተኛዎን ያነጋግሩ። ሲቀርቡ የሠሩትን ይዘው ይሂዱ። ቋንቋ ቢያጥር እንኳ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ትሪ ምን እንደሚችሉ ያሳያል።

ልጆች በትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ቶሎ ይማራሉ፤ ወላጆችም በእነርሱ አፍ ብቻ እየተናገሩ የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። በዚህ ሥራ ለአቅመ ሥራ የደረሰው ልጅ የላሜራውን ቁጥር ያንብብ፣ አባት ወይም አያት መዶሻ አያያዙን ያስተምሩ። ሁለቱም የሚያውቁት ያስፈልጋል።

ልናውቃቸው የሚገቡ ቃላት

ፓሕ — ላሜራ
ሚስፓራይም ለፓሕ — የላሜራ መቀስ
ማሶር — መጋዝ
ፓቲሽ ጉሚ — የጎማ መዶሻ
ክፋፎት — ጓንት
ሚሽካፋይም — መነጽር
ዝሂሩት — ጥንቃቄ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጋለ አሉሚኒየም ከጋለ ብረት ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. የትሪው ርዝመት 500 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ላሜራው በዚያ በኩል ስንት ሆኖ ይቆረጣል?
3. በቤተሰባችሁ ውስጥ የእጅ ሙያ የሚያውቅ ማን ነው? ለልጆች ምን አሳይቷል?