የቼስትነት ዘር አበቃቀልና የችግኝ አያያዝ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ቼስትነት የተባለውን፥ ፍሬው የሚበላ የአሜሪካ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በኒውዮርክ የታየውና ከእስያ የገባው የፈንገስ በሽታ በ50 ዓመት ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ዛፎችን ፈጀ። አዳቃዮች በሽታውን ከሚቋቋመው ከቻይናው ዝርያ ጋር እያዳቀሉ ዛፉን ለማትረፍ ይደክማሉ።

1ኛ/ ማቆየት፦ ፍሬው ከደረቀ አይበቅልም። ስለዚህ በእርጥብ አሸዋ ተቀብሮ፥ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል።

2ኛ/ መትከል፦ ሥሩ ብቅ ሲል ፍሬው በጎኑ ተጋድሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይተከላል። ዋናው ሥር ፈጥኖ ወደ ታች ስለሚወርድ መያዣው 30 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው፤ አፈሩም ውኃ የማይቋጥር ይሁን።

3ኛ/ መለየት፦ ለእያንዳንዱ ችግኝ የእናቱና የአባቱ ዛፍ ይመዝገብለት። አፈሩ፥ ውኃውና ብርሃኑ ለሁሉ እኩል ይሁን። አንዱ ተጠምቶ ሌላው ጠግቦ ካደገ፥ ልዩነቱ ከዘሩ ይሁን ከአያያዙ ማወቅ አንችልም።

ፈጥኖ ያደገ ሁሉ በሽታን ይቋቋማል ማለትም አይደለም። ችግኞቹ ሲጠነክሩ አዳቃዮች ፈንገሱን በግንዳቸው አስገብተው ይፈትኗቸዋል፤ ቁስሉ ያልሰፋበት ለሚቀጥለው ትውልድ ወላጅ እንዲሆን ይመረጣል። እንግዲህ ቁመትን ብቻ አይተን አንፍረድ፤ ሁሉንም በእኩል ተንከባክበን የፈተናውን ጊዜ እንጠብቅ።