ሻጭ የሌለበት የአበባ ማሳ

የሳምንቱ ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 12፥4-15፤ ዘዳግም 23፥24-25፤ ሉቃስ 16፥10-12



ከመካከላችሁ ጀርመን ወይም ስዊዘርላንድ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ይሆናል። እዚያ አገር በሞቃቱ ወራት፣ ከመንደር ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር፣ ሻጭ የሌለው የአበባ ማሳ ይገኛል። ግላዲዮለስ፣ ዳሊያ፣ የሱፍ አበባ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። ብዙ ጊዜ አጥርም ዘበኛም የለውም። መግቢያው ላይ የአንዱ አበባ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። መቁረጫ ቢላዋ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳጥን አለ። መንገደኛው የሚፈልገውን ይቆርጣል፣ ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያሰላል፣ ገንዘቡን በቀዳዳው ከትቶ ይሄዳል። “ስንት ወሰድክ?” ብሎ የሚጠይቀው የለም።

“ይሄማ እኛ ጋ ቢሆን አንድ ቀን አያድርም” ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ እዚያም ያሉት ሰዎች እንጂ መላእክት አይደሉም። ሳይከፍል የሚሄድ አለ። አሥር ቆርጦ የአምስት የሚከፍል አለ። ሳጥኑን የሚሰብር ሌባም አለ። ስለዚህ ገበሬው ሳጥኑን በሲሚንቶ ይተክላል፣ አንዳንዱም ቢላዋውን በሰንሰለት ያስራል፣ ገንዘቡን ቶሎ ቶሎ ያነሳል። ማሳውን ግን ክፍት ይተዋል። ቀኑን ሙሉ ሻጭ ቀጥሮ ቢያስቀምጥ ደመወዙ ትርፉን ይበላበታል። እንግዲህ ማሳው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና የሚተከለው በቂ ሰው በትክክል ስለከፈለ ነው። ዛሬ በታማኝነት የከፈለ ሰው፣ ነገ ለሚመጣው ለማያውቀው ሰው በሩን ክፍት ይተውለታል።

መጽሐፍ ቅዱስም ቀዳዳ ያለው ሳጥን ያውቃል። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ማደሻ የሚመጣውን ገንዘብ ካህናቱ ይቀበሉ ነበር፤ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ግን ቤቱ አልታደሰም። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሳጥን አምጥቶ ክዳኑን ቀደደና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡን የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው ይቆጥሩ ጀመር። ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ገንዘቡ ተሰጥቷቸው ለሠራተኞች የሚከፍሉት ሰዎች ሒሳብ አልተጠየቁም፤ በታማኝነት ይሠሩ ነበርና። አያችሁ፣ ቁልፍና መተማመን አብረው ይኖራሉ። መቆጠር ውርደት አይደለም። ሳይቆጠሩ መታመን ደግሞ ክብር ነው።

እኛ የምንኖረው በምንቆጠርበት ቦታ ነው። ለራሽን ካርድ እናሳያለን፣ አሻራ እንሰጣለን፣ ተሰልፈን እንጠራለን። ዓመታት እንዲህ ሲያልፉ ልብ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ ሐሳብ አለ፦ “እነሱ ካላመኑኝ እኔ ለምን እታመናለሁ? ማንም ካላየኝስ ምን አለበት?” ወገኖቼ፣ ከዚህ ሐሳብ ተጠንቀቁ። ቤታችንን፣ መሬታችንን፣ ሥራችንን ትተን መጥተናል። ታማኝነታችንን ግን እኛው ካልጣልነው በቀር የሚወስድብን የለም።

“የራበውስ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እግዚአብሔርም አልናቀውም። በዘዳግም ሕግ ወደ ባልንጀራው ወይን የገባ ሰው እዚያው ጠግቦ መብላት ይችላል፤ በዕቃ ሞልቶ መውጣት ግን አይችልም። እሸቱን በእጁ ይቀጥፋል፤ ማጭድ ግን አይዝም። ሕጉ ለተራበው አዝኗል፣ የባለ ማሳውንም ድካም አልረሳም። ስለዚህ የራበህ ወንድሜ፣ የራበሽ እህቴ፣ ተናገሩ፤ አትፈሩ። ያለው ደግሞ ያካፍል። ረሃብን ሰበብ አድርገን ግን ማጭድ አናንሳ።

ጌታ በሉቃስ ወንጌል በጥቂቱ ስለ መታመን፣ በተለይም የሌላ ሰው በሆነው ነገር ስለ መታመን ይጠይቀናል። የእኛ የአበባ ማሳ የት ነው? ባለ ሱቁ ዱቤያችሁን ረስቶ ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ስልክ ለሌለው ጎረቤት ከውጭ የተላከው ገንዘብ በእናንተ ቁጥር ሲገባ ነው፤ ስንት እንደገባ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ቧንቧው ጋ ባለቤቱ ትቶት የሄደው ጀሪካን ተራው ሲደርስ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሳጥኑም ቀዳዳውም ልባችን ነው፤ የሚያየው ጌታ ነው።

ወድቃችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ ሂዱና “ያንን ሳልከፍልህ ቀርቼ ነበር” በሉት። በአንዴ ካልሞላላችሁ በጥቂት በጥቂቱ ክፈሉ። ዘኬዎስም እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ነው፤ አልዘገየም።

በቡድን ለመወያየት
1. ማንም ሳይቆጣጠራችሁ የታመናችሁበት ጊዜ ነበር? ምን ተሰማችሁ?
2. በብሎካችን ውስጥ የጋራ የሆነው ነገር ምንድን ነው? እንዴት እንጠብቀው?
3. ዛሬ የተራበ ጎረቤት ካለ፣ ሳይለምን እንዴት እንድረስለት?

ጸሎት
ጌታ ሆይ፣ ሰው በማያየን ቦታ ታማኞች አድርገን። የራበውን እንድናይ ዓይን፣ የወሰድነውን እንድንመልስ ድፍረት ስጠን። አሜን።