ስለ ድርጭቶች ጠብ

ድርጭት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ በማታ መጥታ ሰፈራቸውን የሸፈነችውን ወፍ ነው። ዛሬ በየላቦራቶሩና በየእርባታው በሽቦ ቤት የምትኖረው ግን የርስዋ የቅርብ ዘመድ የሆነችው የጃፓን ድርጭት ናት። ጃፓኖች በመጀመሪያ ያሳድጓት የነበረው ለወንዱ ድምፅ ሲሉ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ለዕንቁላልና ለሥጋ መርጠው አራቧት። ክብደትዋ ከ100 እስከ 160 ግራም ያህል ነው፤ ዕንቁላልዋ በ17 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩትዋም በ6 ወይም በ7 ሳምንት ለመራባት ትደርሳለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አራት ትውልድ ለማየት ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህች የምትሻል ወፍ በቀላሉ አትገኝም።

ነገር ግን ጠበኛ ናት። ጠቡ የሚዠምረው ወፎቹ ለመራባት ሲደርሱ ነው። ወንዱ ባላጋራውን በማጅራቱ ይዞ ላባውን ይነጫል፤ ጀርባው ላይ ይወጣል፤ ራሱንና ዓይኑን ይነቁራል። ሴቲቱም አትተርፍም፤ ወንዶች ከበዙ በማጅራትዋ እየያዙ ስለሚወጡባት ከራስዋ እስከ ጀርባዋ ትመለጣለች። አንድ ጊዜ ደም ከታየ ደግሞ በጠቡ ያልነበሩትም ጭምር ቁስሉን ይነቁራሉ። ማታ ደኅና የነበረች ወፍ ጧት ዓይንዋ ጠፍቶ ወይም ሞታ ትገኛለች። ከመካከላችን ለመመረቂያ ጥናቱ ድርጭት የሚያረባ ቢኖር የብዙ ወር ሥራው በአንድ ሌሊት ሊበላሽበት ይችላል ማለት ነው።

የድርጭት ጠበኛነት ከጥንት የታወቀ ነው። በአቴና ድርጭት ማዋጋት የጎልማሶች ጨዋታ ነበር፤ ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አልኪብያዴስ በሸንጎ መካከል ሳለ ድርጭቱ ከመጐናጸፊያው ሥር አምልጣበት ብዙ ሰው ሊይዝለት ተነሥቶ ተራወጠ። (ሸንጎ ሥራውን ትቶ ወፍ ሲያባርር ማየት፥ የተማሪ ስብሰባ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።)

ብዙ ሰው ጠቡን የአንድ ክፉ ወፍ ጥፋት አድርጎ ይገምታል። እኛ ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የመብራቱ ማብሪያ ነው እንላለን። ድርጭት የመራቢያውን ወራት የሚያውቀው በቀኑ ርዝመት ነው። ብርሃን የራስ ቅሉን አልፎ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ያነቃል፤ ከዚያ የሚነሣው ትእዛዝም የወንዱን የዘር ፍሬ ያሳድጋል። በቀን 8 ሰዓት ብቻ ብርሃን የሚያገኝ ወንድ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፤ 16 ሰዓት ሲያገኝ ግን በጥቂት ሳምንት ብዙ እጥፍ ያድግና ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን በደሙ ይበዛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቴስቶስተሮን ለብቻው አለማጣላቱ ነው። በአንጎል ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኤንዛይም ቴስቶስተሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጠዋል፤ ይህ መለወጥ በመድኃኒት ሲታገድ ቴስቶስተሮኑ በደም ውስጥ እያለ ጠቡ ይበርዳል። «የሴት ሆርሞን» እያልን የምንጠራው ነገር ወንዱን የሚያዋጋ ሆኖ መገኘቱ ስም አወጣጣችንን ሳያሳማን አይቀርም።

ላቦራቶር የሌለውም ሰው ይህን ሊያውቅ ይችላል። ከወንዱ ፊንጢጣ በላይ ያለው ዕጢ አብጦ ሲጫኑት ነጭ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ፥ ያ ወንድ ለመራባትም ለጠብም ዝግጁ ነው። እንግዲህ ለዕንቁላል ሲባል የሚበራው መብራት ጠቡንም ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረዥም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚህ አገር ነገሩ ያለው በአርቢው እጅ ነው። ሴቶቹ በሚገባ እንዲጥሉ ቢያንስ 14 ሰዓት ያህል ያስፈልጋቸዋል፤ ለማራባት የማይፈለጉት ወንዶች ግን ተለይተው መስኮቱ በተከደነ ክፍል 8 ሰዓት ብርሃን ብቻ ያግኙ። ብርሃኑም ለሁሉም ደብዘዝ ያለ ቢሆን ይሻላል።

ወንዱን ከሴቲቱ መለየት በ3 ሳምንት ገደማ ይዠመራል፤ የወንዱ ደረት ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን የሴቲቱ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ይበቁታል። ሁለት ወንዶችን ከጥቂት ሴቶች ጋር በጠባብ ቤት ማኖር ከሁሉ የከፋ ነው። ስለ ቦታ ስፋት ለአንዲት ወፍ 200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል ሲባል እንሰማለን፤ በኛ አስተያየት ግን ከስፋቱ ይልቅ የተመታችው ወፍ ከመቺው ዓይን የምትሰወርበት ነገር መኖሩ ይበልጣል። ጣውላ ወይም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይበቃል። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትዘል፥ ጣራው ከውስጥ በጨርቅ ቢለበድ ራስዋ አይፈነከትም።

ጠበኛውን አውጥቶ መጣል ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ኖርዌያዊው ሺልደሩፕ ኤበ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዶሮዎች ላይ እንዳሳየው፥ አብረው የሚኖሩ ወፎች ማን ማንን እንደሚነቁር ደረጃ ያወጣሉ፤ ደረጃው ከጸና ጠቡ ይቀንሳል። አንዱን ማውጣት ወይም አዲስ ማግባት ደረጃውን ስለሚያናጋው ጠቡ እንደገና ይነሣል። አዲስ ወፍ ማግባት ግድ ከሆነ ብቻውን መጨመር አይገባም፤ ሁሉንም በማታ አንሥቶ ለማናቸውም አዲስ ወደ ሆነ ቤት ማዛወር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን ለዘር የምንመርጠው የትኛውን እንደ ሆነ ነው። ሁላችንም እጃችን የሚሄደው ወደ ትልቁ ወንድ ነው። ትልቅ የሆነው ግን የጓደኞቹን እህል እየነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹም አባታቸውን ይመስላሉ። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሚውር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ባወጣው ጥናት፥ ለክብደት ሲባል በተለመደው መንገድ የተመረጡት የጃፓን ድርጭቶች ክብደት ሳይጨምሩ የሟቾቹ ቍጥር ከፍ አለ፤ አንዱ ወፍ በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ታስቦ የተመረጡት ግን ክብደታቸው ጨመረ፥ ሞቱም ቀነሰ። እርሱው በ1996 ባወጣው በዶሮ ጥናት ደግሞ በአንድ ሽቦ ቤት ያሉትን ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ቈጥሮ ቤቱን በጠቅላላ ነበር የመረጠው። መንቁራቸው ሳይቈረጥ በዓመት ከመቶ 68 ይሞቱ የነበሩት፥ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ከመቶ ወደ 9 ያህል ወረዱ። ስለዚህ ማንም ዘር ሲመርጥ የወንዱን ክብደት ብቻ ሳይሆን አብረውት የኖሩትን ሴቶች ማጅራት አይቶ ይምረጥ።

መንቁር መቍረጥን በሚመለከት፥ መንቁር ነርቭ ያለበት አካል ስለ ሆነ ወፏን ያሳምማል፤ ቁስሉን ያቀላል እንጂ የጠቡን ምክንያት አያነሣም። እኛ አንመክረውም።

የቈሰለች ወፍ በተገኘች ጊዜ ወዲያው ትለይ፤ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠብ፤ ውሃና መኖዋም በቅርብዋ ይቀመጥ። ላባዋ ከበቀለ በኋላም ወደ ቀድሞው ቤትዋ ለብቻዋ አትመለስ፤ ከሁለት የረጉ ሴቶች ጋር በአዲስ ቤት ትግባ፥ ወንዱም ከሳምንት በኋላ ይጨመር።