ቴትሪስ ለምን አይጠገብም?

ጥያቄ፦ ሰው የቪዲዮ ጨዋታ ከጀመረ በኋላ ማቆም የሚያቅተው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የቪዲዮ ጨዋታ ፍቅር ዋና ምንጭ ጥረትና ውጤት በቅጽበት መገናኘታቸው ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ቴትሪስ ይህን አጥርቶ ያሳያል። ታሪክም ጀግናም የለውም፤ ያሉት እያንዳንዳቸው ከ4 ካሬ የተሠሩ 7 ዓይነት ቅርጾች ብቻ ናቸው። ቅርጾቹ ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ክፍተት ይደፍናል፤ የሞላ ረድፍ ይጠፋል። የተሳካው ወዲያው ስለሚጠፋ ዓይን ፊት የሚቀረው ያልተጠናቀቀው ነው፤ አእምሮ ደግሞ ጅምር ሥራን በቀላሉ አይተውም። የጨዋታው ትልቁ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት የፈተናው ልክ ነው። ረድፎች እየጠፉ በሄዱ መጠን ፍጥነቱ ስለሚጨምር፣ እጁ የተፍታታ ተጫዋች አይሰለችም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ችሎታና ፈተና ሲመጣጠኑ የሚመጣውን እንዲህ ያለ መመሰጥ «ፍሰት» ብሎታል፤ ቀዶ ሐኪሞችም ቼዝ ተጫዋቾችም ያውቁታል፤ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይነጉዳል።

በቴትሪስ መሸነፍ አይቀርም። ሽንፈቱ ግን የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የትኛው ቅርጽ ያለቦታው እንደገባ ስለሚታወቅም ተጫዋቹ ስህተቱን ለማረም እንደገና ይጀምራል።