የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን የሆኑ ልጆችን እያሳደጉ ሥራንና ቤትን አስማምቶ ስለ መያዝ

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው ደዌ፣ ከአባትም ከእናትም ጕድለት ያለበት ዘር በወረሰ ልጅ ላይ የሚገለጥ፣ በሳንባና በቆሽት ያለውን ርጥበት አወፍሮ መተንፈሻን የሚያጣብቅና ምግብ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ የሚከለክል ዘላቂ ሕማም ነው። እናት ልጇን ስትስመው ግንባሩ ጨው ጨው የሚላት ላቡ ከመጠን ያለፈ ጨው ስለሚያወጣ ሲሆን፣ ዶክተር ፖል ዲ ሳንታኜዜ ይህን የላብ ነገር እ.ኤ.አ. በ1953 ካስታወቁ ወዲህ የላብ ምርመራ የደዌው ዋና መለያ ሆኖ ይኖራል። ሕማሙ ከአውሮፓ ዘር በሆኑት ዘንድ ይበዛል እንጂ በእነርሱ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ ከ2010 ወዲህም በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ስለሚመረመር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ከዚህ በፊት ያልሰማውን ይህን ስም ድንገት ከሐኪም አፍ ሊሰማ ይችላል።

ይህ በደረሰ ጊዜ ከወላጆቹ አንዱ፣ ይልቁንም እናቲቱ፣ ሥራዋን ወዲያው ለመልቀቅ ትነሣለች። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ዳሩ ግን በአሜሪካ የሕክምና ኢንሹራንስ በአመዛኙ ከሥራ ጋር የተያያዘ፣ መድኃኒቱም ያለ ኢንሹራንስ የማይቀመስ ስለ ሆነ፣ በችኮላ የተለቀቀ ሥራ ልጁን ራሱን ከመድኃኒቱ ሊያርቀው ይችላል። የእኔ ምክር የሕክምናውን ሰዓት እንደማይነቃነቅ ዐምድ አስቀድሞ መትከልና፣ ሥራውን፣ ትምህርት ቤቱንና ዘመድ አዝማዱን፣ ገና ችግር ሳይመጣ፣ በጽሑፍና በስምምነት ወደዚያ ሰዓት ማስጠጋት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቀኑን ሥርዓተ ሕክምና በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ። ተራው እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የአየር መንገዱን የሚከፍተው አልቡተሮል፣ ቀጥሎ አክታን የሚያቀጥነው 7 በመቶ የጨው ውሃ በኔቡላይዘር ይሳባል፤ ከዚያ ደረትን እያንቀጠቀጠ አክታውን የሚያላቅቀው ቬስት ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይለበሳል፤ ፐልሞዛይም የታዘዘለት ልጅ እርሱን ይወስዳል፤ በትንፋሽ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ካለም ሳንባው ከጠራ በኋላ በመጨረሻ ይሰጣል። ይህም በአመዛኙ ጧትና ማታ የሚደገም ስለ ሆነ፣ የጨው ውሃውን ልጁ ቬስቱን እንደ ለበሰ መሳብ ይቻል እንደ ሆነ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያውን ጠይቁ፤ ከተፈቀደ፣ ትምህርት ቤትና ሥራ በሚያጣድፉበት ጧት ብዙ ደቂቃ ይተርፋል።

በዚህ ላይ ስለ ትሪካፍታ ሳልናገር አላልፍም። በ2019 የተፈቀደው ይህ መድኃኒት የብዙ ሕሙማንን ኑሮ ለውጧል፤ ከ2023 ጀምሮም ዕድሜያቸው 2 ዓመት ለሞላ ሕፃናትም እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ነገር ግን የሚሠራው ለተወሰኑ የዘር ለውጦች ነው፤ በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው ኤፍ508ዴል የተባለው ለውጥ ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሕሙማን ዘንድ የሚያንስ ስለ ሆነ፣ በመድኃኒቱ ከማይጠቀሙት መካከል የእኛ ልጆች የሚገኙበት አጋጣሚ ይበዛል። የሌላው ልጅ በመድኃኒቱ በረታና ቬስቱን ተወ ብላችሁ የልጃችሁን ሕክምና በራሳችሁ ፈቃድ አትቀንሱ፤ የልጃችሁን የሁለቱን የዘር ለውጦች ስም ከሐኪሙ ተቀብላችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ አዲስ መድኃኒት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ስም ነው።

ቀጥሎ የሕክምናው ሥራ ለሁለት ይከፈል። በእኛ ሰዎች ዘንድ እናት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አድራ አባት ቀን ኡበር ሲነዳ የሚውልበት ቤት ብዙ ነው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ከሌሊት ሺፍት የተመለሰች እናት ዐይኗ እየተከደነ ቬስት ከምታስር ይልቅ፣ የጧቱን ሕክምና አባት ከመውጣቱ በፊት፣ የማታውን እናት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እንዲይዙት ማድረግ ይሻላል። አባት «እኔ መድኃኒቱን አላውቅበትም» የሚል እንደ ሆነ ወደ ክሊኒኩ አብሮ ሄዶ ይማር፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሕክምና ያ ሰው በታመመ ቀን ይቋረጣል። ሁለት ሕሙማን ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ፣ ተሐዋስያን ከአንዱ ሳንባ ወደ ሌላው እንዳይተላለፉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ኔቡላይዘር እንዲኖረውና ሕክምናቸውንም በተለያየ ክፍል እንዲወስዱ ስለሚመከር፣ አንዱ ቬስት ለብሶ ሲቀመጥ ሌላው ቁርሱን እንዲበላ አድርጋችሁ ሰዓታቸውን አቀያይሩ።

የማታው ትልቁ ሥራ የኔቡላይዘሩ ጽዋ ንጽሕና ነው፤ የደከመ ሰው ቶሎ የሚሰንፍበትም ይህ ነው። ጽዋው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ተፈታቶ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎም አምራቹ የሚፈቅድ እንደ ሆነ፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሙሉ 5 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ላይ ተበትኖ በአየር ይደርቃል። ኮምጣጤ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በጨርቅ ማድረቅም ያጠቡትን መልሶ ማሳደፍ ነው። ትርፍ ጽዋዎች ከተገኙ፣ እያንዳንዱ ወዲያው ታጥቦ ይቀመጥና ሁሉም ማታ በአንድ ድስት ይቀቀላሉ፤ በነጋ ጊዜ በፎጣው ላይ ደርቀው ስለሚገኙ፣ አባት በጨለማ ተነሥቶ ውሃ የሚያፈላበት ምክንያት አይኖርም። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ቢሆን ወደ ኔቡላይዘሩ ከታዘዘው መድኃኒት በቀር ጸበልም ሆነ የቧንቧ ውሃ አይጨምርበት።

ስለ ማዕድ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ልጆች ቆሽታቸው ስለማይሠራ ቅባት ያለው ምግብ በበሉ ቁጥር፣ በምግቡ መጀመሪያ ላይ፣ የኢንዛይም ካፕሱል ይወስዳሉ። ዶሮ ወጥ ብቻ ሳይሆን ዘይት የገባበት ሽሮም ቅባት መሆኑን አያቶችና ሞግዚቶች ሊያውቁ ይገባል፤ ካፕሱሉም አይታኘክም። ልጁ ብዙ ጉልበት ስለሚያስፈልገው፣ ላቡም ጨውን ስለሚያጠፋበት፣ ጨውና ቅባት የሚከለከልበት ልማድ ለእርሱ አይሠራም፤ ትሪካፍታም ቢሆን ቅባት ካለው ምግብ ጋር የሚዋጥ ነው። ስለ ጾም ነገር ፋሲካ ሲቀርብ ሳይሆን ዐቢይ ጾም ሳይገባ የንስሐ አባትን አነጋግሩ። ይህን ሁሉ እያሰብን የምንዘነጋው አንድ ነገር ቢኖር ጢስ ነው፦ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ ለእንግዳው ክብር የሆነው ነገር ለልጁ ሳንባ ጕዳት ነውና፣ ልጁ ባለበት ቤት ዕጣኑ ይቅር፣ ቡናውም መስኮት ተከፍቶ ይቆላ።

አሁን ወደ ሥራው ቦታ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ በተለምዶ ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለው፣ ጽኑ ሕማም ያለበትን ልጁን ለሚያስታምም ሠራተኛ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ይሰጣል፤ በዚያም ጊዜ የሥራ ቦታውና የሕክምና ኢንሹራንሱ ይጠበቁለታል። ለዚህ የሚበቃው በዚያው አሠሪ ዘንድ 12 ወር የሠራ፣ ባለፉት 12 ወራትም ቢያንስ 1,250 ሰዓት የሞላ፣ በ75 ማይል ዙሪያ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ በሁለት መሥሪያ ቤት ግማሽ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው የሁለቱን ሰዓት ደምሮ መጠየቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሕሙም ልጅ ያለው ወላጅ፣ ምንም እንኳ በሰዓት የሚከፈለው ጥቂት ቢያንስ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሰዓቱን ሞልቶ ቢሠራ ይመረጣል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ግዛቶች የተሻለ ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ጠይቁ።

ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ እንዳይመስላችሁ፤ ለሕክምና አስፈላጊ ሲሆን በሰዓትና በቀን እየተቈራረጠ ይወሰዳል፣ ለዚህ ደዌ የሚስማማውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ በየ3 ወሩ ወደ ክሊኒክ ይሄዳል፣ በመካከሉም ድንገት ያስለዋል። ቅጹን ከሠራተኞች አስተዳደር ወስዳችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ ሐኪሙም የታወቁትን ቀጠሮዎችና ድንገተኛውን ሕመም ለየብቻ እንዲጽፍ ለምኑት። አስቀድሞ የታወቀውን ቀጠሮ ከ30 ቀን በፊት፣ ድንገተኛውን ደግሞ እንደ ተቻለ በፍጥነት ለአለቃ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ቅጂውንም በቤት አስቀምጡ። አባትም እናትም ለፈቃዱ የበቁ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው ሁለቱም ቅጹን ይሙሉ።

በዚህ ነገር ትልቁ እንቅፋታችን ሕግ ሳይሆን ልማዳችን ይመስለኛል። ደዌን መሸሸግ፣ የልጁን መድኃኒት እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ማስገባት፣ አለቃን «ሆዴን አሞኝ ነው» እያሉ መቅረት፣ በመጨረሻ ሠራተኛውን ሰነፍ ያስመስለዋል፣ ሕጉም ያልነገሩትን ሊጠብቅ አይችልም። በቤተ ክርስቲያንም በዕድርም ያሉ ወዳጆች ጉንፋን ይዘው እንዳይመጡ፣ ከመጡም እጃቸውን ታጥበው እንዲገቡ የሚነገራቸው ምክንያቱ ሲገለጥላቸው ነው፤ የተረዳ ወዳጅ ግን በክሊኒክ ቀጠሮ ቀን ሌላውን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ረዳት ይሆናል።

ለትምህርት ቤቱ በ1973 ከወጣው ሕግ ክፍል 504 የተገኘውን ዕቅድ ጠይቁ፤ በዚያም ልጁ ኢንዛይሙን በሰዓቱ እንዲወስድ፣ ውሃ እንዲጠጣና ወደ መጸዳጃ ቤት ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲወጣ፣ በታመመ ጊዜም የቀረበት ትምህርት ወደ ቤት እንዲላክለት ይጻፍ። በትምህርት ቤቱ ሌላ የዚህ ደዌ ሕሙም ካለ፣ ሁለቱ ቢያንስ 2 ሜትር ተራርቀው እንዲቀመጡ ይደረግ። በክሊኒክም ሆነ በሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ስለ ሆነ፣ ታላቅ ወንድሙን የሐኪም ቃል አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ልጅ ስለ ወንድሙ ሳንባ ክፉውን ወሬ ለእናቱ የሚነግር መሆን የለበትም።

የሳንባው ሕመም ሲጸና ልጁ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለመውሰድ ሁለት ሳምንት ያህል በሆስፒታል ሊቈይ ይችላል። ለዚህ ጊዜ ማን በየትኛው ሌሊት ከልጁ ጋር እንደሚያድር፣ የቤት ኪራዩ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ጤነኛው ልጅ ማን ዘንድ እንደሚያድር ልጁ ደኅና ሳለ ወስናችሁ ጻፉት። ለጤነኛው ልጅም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ስለ ሕመም የማይወራበት፣ የእርሱ ብቻ የሆነ ሰዓት ይከለልለት።

የቀረው የወላጆቹ የራሳቸው ነገር ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ማኅበራት በ2016 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሕሙም ልጅን የሚያሳድግ ቢያንስ አንዱ ወላጅ በየዓመቱ ስለ ድብርትና ስለ ጭንቀት በመጠይቅ እንዲመረመር ዕድል ይሰጠዋል። ወረቀቱ በክሊኒኩ ሲሰጣችሁ የሚጠይቃችሁ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ፍርሃትና ድካም ነው፤ እዚያ ላይ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለጎረቤት የሚመለስ ሰላምታ እንጂ ለሐኪም የሚሰጥ መልስ አይደለምና፣ ያላችሁበትን እንደ እውነቱ ምልክት አድርጉ፤ የክሊኒኩ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛም ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ወይም የሥራ ሰዓታችሁን የሚመለከት ደብዳቤ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን የምታውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።